ሁለት ነፍሳት በአንድ ሞተር ሳይክል ላይ



በሀገራችን ሞተር ሳይክል ሲነሣ ከሁሉ በፊት ወደ አእምሮአችን የሚመጣው ሥራ ነው። ካህኑና ካቴኪስቱ መኪና ወደማይገባበት የገጠር ጸሎት ቤት ይደርሱበታል፤ የጤና ባለሙያው መድኃኒት ያጓጉዝበታል፤ ወጣቱም ሰው እያፈናጠጠ የዕለት እንጀራውን ያገኝበታል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ግን ይኸው መሣሪያ በብዙዎች ዘንድ የመዝናኛ ነው፤ ከሚዝናኑበትም መካከል ጠጕራቸው የሸበተ ባልና ሚስት ጥቂቶች አይደሉም። በአሜሪካ የሞተር ሳይክል ኢንዱስትሪ ምክር ቤት ባደረገው ጥናት መሠረት፣ የባለ ሞተሮች መካከለኛ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. 32 ዓመት ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. ግን 50 ደርሷል። ከእነርሱም 19 በመቶው ሴቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ በወጣትነታቸው ነድተው፣ ለልጆች ማሳደጊያ ሲሉ ትተውት፣ በኋላ የተመለሱበት ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ልጆቻቸው ከቤት ከወጡ በኋላ መሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጡ ናቸው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ ቢመስልም በውስጡ ያለው ጥያቄ የሁላችን ነው። ዕድሜአቸው የገፋ ባለ ትዳሮች፣ ማንም ሳያስገድዳቸውና ለደስታ ብቻ ብለው፣ ሕይወታቸውን ለአደጋ ሊያጋልጡ ይገባቸዋልን? ጎረቤት «በዚህ ዕድሜ!» ብሎ ይስቃል። ልጆች ይቆጣሉ። ባለ ጉዳዮቹ ግን «ዕድሜ ልካችንን ለሌላው ኖረናል፤ አሁን ጥቂት ለእኛ» ይላሉ። ሁሉም የያዙት እውነት አለ፤ ስለዚህ ጉዳዩን በሳቅ ወይም በቁጣ ከመዝጋት ይልቅ በእርጋታ መመርመር ይሻላል።

የአደጋው ልክ

በመጀመሪያ አደጋውን አናሳንሰው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣቸው አኃዞች እንደሚያሳዩት፣ እኩል ርቀት ሲጓዙ ሞተር ሳይክል ላይ ያለ ሰው የመሞት ዕድሉ መኪና ውስጥ ካለው ሰው ከሃያ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ዕድሜ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ ይከብዳል። በ2013 ዓ.ም. በዚያው ሀገር በወጣ ጥናት፣ ስልሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ነጂዎች አደጋ ሲደርስባቸው ሆስፒታል የመተኛታቸው ዕድል ከሃያዎቹና ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ነጂዎች በሦስት እጥፍ እንደሚበልጥ ታውቋል። ምክንያቱ ስውር አይደለም። አጥንት ይሳሳል፤ ዓይን በምሽት ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ አንገት እንደ ልብ አይዞርም፤ እጅም አደጋውን ካየ በኋላ ፍሬን እስኪይዝ ይዘገያል። እርጅና ብቻውን አይመጣም እንደሚባለው ነው።

አደጋውን የሚቀንሱ ነገሮችም አሉ። ሄልሜት የሚባለው የራስ ቁር የነጂውን የመሞት አደጋ በ37 በመቶ፣ ከኋላ የተፈናጠጠውን ሰው ደግሞ በ41 በመቶ እንደሚቀንስ ይኸው መሥሪያ ቤት ይገምታል። ትምህርትም ይረዳል፤ በአሜሪካ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚሁ የተቋቋመ የሞተር ሳይክል ደኅንነት ድርጅት አለ። ይሁን እንጂ የራስ ቁርም ሆነ ትምህርት አደጋውን ጨርሶ አያስቀሩትም። ስለዚህ «ጥንቃቄ ካደረግን ምንም አይደርስብንም» የሚል ባልና ሚስት ገና ጥያቄውን አልጀመሩትም።

ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነውን?

ከዚህ አንጻር መልሱ «ይቅርባቸው» የሚል ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሌላውንም ወገን እንመልከት። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 ዓ.ም. ስለ ቤተሰብ ፍቅር በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ የሰው ዕድሜ በመርዘሙ ትዳር አርባ፣ አምሳና ስልሳ ዓመት የሚዘልቅ መሆኑን አስታውሰው፣ የመጀመሪያው ቃል ኪዳን ደጋግሞ መታደስ እንደሚያስፈልገው አስተምረዋል። ልጆች ከወጡ በኋላ ብዙ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው የሚነጋገሩበት ነገር ያጣሉ። ለሠላሳ ዓመታት ወሬአቸው የትምህርት ቤት ክፍያና የልጆች ጤና ነበረ፤ ያ ሲያልቅ ዝምታ ይገባል።

እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች አብረው ጀማሪ ተማሪ ሲሆኑ ግን አንድ ነገር ይለወጣል። ፍሪሲዮንን ቀስ አድርጎ መልቀቅ፣ በባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ መዞር፣ ሞተሩ ሲጠፋና ሲንገዳገድ በወጣት አሠልጣኝ መታረም ትሕትናን ይጠይቃል። ባል ሚስቱ ስትሳሳት ያያል፤ እርሷም እርሱ ሲሳሳት ታያለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። በቤታቸው ሁልጊዜ አዋቂ የነበረው ሰው እዚህ ላይ ከሁሉ የዘገየ ሊሆን ይችላል። መጽሐፍ ቅዱስም አብርሃም ከካራን ሲወጣ የ75 ዓመት ሰው እንደ ነበረ ይነግረናል፤ ሣራ በዐሥር ዓመት ታንሰው ነበርና በእኛ ስሌት የ65 ዓመት ሴት ነበረች። እነርሱ የወጡት ለመዝናናት ሳይሆን ለጥሪ ነው፤ ነገር ግን ታሪካቸው ሽምግልና መንገድ የሚዘጋበት ዘመን ብቻ እንዳልሆነ ያሳየናል።

ቤተ ክርስቲያንም ሞተረኞችን አልናቀችም። በሰሜን ኢጣልያ በካስቴላጾ ቦርሚዳ የምትከበረውን እመቤታችንን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1947 ዓ.ም. የሞተረኞች ጠባቂ ብለው ሰይመዋታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290 የሚወቅሰው መሣሪያውን አይደለም፤ በስካር ወይም ከልክ ባለፈ የፍጥነት ፍቅር የራሱንና የሌላውን ደኅንነት ለአደጋ የሚያጋልጠውን ሰው ነው። ጥፋቱ መጠንን ማጣት ነው ማለት ነው።

ፍርሃትና ፍቅር

መጠኑ የት ላይ ነው? ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ ብርታት ሲያስተምር፣ ብርታት በፍርሃትና በድፍረት መካከል እንደሚቆም ከገለጸ በኋላ፣ ብዙዎቻችን የማንጠብቀውን ነገር ይጨምራል። እርሱ እንደሚለው ፈጽሞ አለመፍራትም ጉድለት ነው፤ ከምንጮቹም አንዱ የፍቅር ማነስ ነው። ሰው የሚወደውን ነገር እንዳያጣ ይፈራልና፣ ምንም የማይፈራ ሰው ሊያጣው የሚችለውን ነገር በሚገባው መጠን አልወደደም። ይህ ትምህርት ለጉዳያችን ቍልፍ ነው። በሞተር ሳይክል ላይ አብረው የሚወጡ ባልና ሚስት መፍራት ይገባቸዋል፤ ፍርሃታቸው የፍቅራቸው ምስክር ነውና። ጥያቄው ፍርሃቱ በሁለቱ መካከል በግልጽ ይነገራል ወይስ ይደበቃል የሚለው ነው።

ከኋላ የተቀመጠው ሰው

እስቲ አንድ ባልና ሚስትን እናስብ። እርሱ 62 ዓመቱ፣ እርሷ 58 ዓመቷ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣው እርሱ ነው፤ እርሷ ከኋላ ትፈናጠጣለች። ጉዞው እርሱን ወጣት ያደርገዋል። እርሷ ትፈራለች፤ ነገር ግን ሠላሳ አምስት ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው ደስታ ማበላሸት ስለማትወድ «እሺ» ትላለች። ይህ «እሺ» ምን ያህል ነጻ ነው? እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ስም አለን፤ ይሉኝታ እንለዋለን። ይሉኝታ ብዙ ጊዜ ሰላምን ይጠብቃል፤ ሕይወት በሚያሰጋ ነገር ላይ ግን እንደ ፈቃድ ሊቆጠር አይገባውም።

የመሣሪያው አሠራር ራሱ ይህን ያስተምራል። ሞተር ሳይክል ኩርባ ላይ የሚታጠፈው ወደ ጎን በማዘንበል ነው። የተፈናጠጠው ሰው ከነጂው ጋር አብሮ ማዘንበል አለበት፤ ፈርቶ ወደ ተቃራኒው ወገን ቢያጋድል ሞተሩን ከታሰበለት መስመር ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ አሠልጣኞች ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ወደሚታጠፉበት ወገን በነጂው ትከሻ በኩል አሻግሮ እንዲመለከት ይመክራሉ። የሁለተኛ ሰው ክብደት ሲጨመርም ለመቆም ተጨማሪ ርቀት ያስፈልጋል፤ የጎማው አየርና የኋላው ሞላ እንደ ክብደቱ መስተካከል አለባቸው፤ በዝግታ ሲነዱ ሚዛን መጠበቅ ይከብዳል። ብቻውን መንዳት የቻለ ሁሉ ሰው ማፈናጠጥ ይችላል ማለት አይደለም። በአፉ እሺ ያለ ሰውም ልቡ ካልፈቀደ፣ ኩርባው ላይ ሰውነቱ እንቢ ይላል።

ከዚህ የሚከተለው የፍትሕ ግዴታ ነው። መሪውን የጨበጠ ሰው የሌላውን ሕይወት በእጁ ይዟል፤ ሌላው ግን መሪም ፍሬንም የለውም። ስለዚህ የጉዞውን ልክ መወሰን የሚገባው የበለጠ የሚፈራው ነው። ትከሻ ላይ መታ ማድረግ «ቀስ በል» ማለት እንደሆነ አስቀድመው ከተስማሙ፣ ነጂው ምክንያት ሳይጠይቅና ፊቱን ሳያጠቁር ይታዘዛል። ሁለቱ በየራሳቸው ሞተር ቢሄዱም ሕጉ ያው ነው፤ ልምድ ያለው ሌላውን ጥሎ አይሮጥም። «አልሄድም» የሚል መልስም ያለ ቂም ሊቀበሉት ይገባል፤ እንቢ ለማለት በማይቻልበት ቤት እሺ ማለትም ዋጋ የለውም።

ልጆችና ገንዘብ

ሁለት ነገሮችን ባጭሩ እንጨምር። የመጀመሪያው የልጆች ጉዳይ ነው። በእኛ ባህል ልጅ ወላጁን መጦር፣ ማሳረፍና ማክበር ይወዳል፤ ይህ ቅዱስ ልማድ ነው። ነገር ግን መጦር አንዳንድ ጊዜ ወላጅን ወንበር ላይ አስቀምጦ እንዳይንቀሳቀስ መከልከል ይሆናል። ወላጆች የልጆቻቸውን ፈቃድ ማግኘት አይገደዱም፤ ሐቁን የመንገር ዕዳ ግን አለባቸው። አንዳችን ብንሞት፣ ወይም ይበልጥ በሚከብደው መንገድ አንዳችን አካለ ስንኩል ሆነን ብንቀር ማን ይረዳናል? ዕዳችን ምን ያህል ነው? ኑዛዜስ አለን? ይህን ጭውውት የሸሸ ባልና ሚስት ለጉዞው ገና አልተዘጋጀም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2013 ዓ.ም. ከሀርሊ ዴቪድሰን ኩባንያ ሞተር ሳይክል ተበረከተላቸው፤ በሰኔም በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ የተሰበሰቡትን ሞተረኞች ባረኩ። ሞተሩ ግን በየካቲት 2014 ዓ.ም. በፓሪስ ለጨረታ ቀርቦ በ241,500 ዩሮ ተሸጠ፤ ገንዘቡም በሮም የካሪታስ ድርጅት ለሚያስተዳድረው የድሆች ማደሪያና ምግብ ቤት እንዲውል ተደረገ። ይህ ታሪክ ለራሳቸው ሞተር የሚገዙትን ሁሉ አይኮንንም፤ ነገር ግን በደስታችን አጠገብ ድሀው ድርሻ እንዳለው ያስታውሰናል።

መደምደሚያ

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ባልና ሚስት በሽምግልናቸው ሞተር ሳይክል ቢማሩ ኃጢአት አይሆንባቸውም፤ እንዲያውም ፍቅራቸውን የሚያድስ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እንደ ጀማሪ ይማሩ፤ ፍርሃታቸውን አይደባበቁ፤ የደካማው ልክ የሁለቱም ልክ ይሁን፤ ዓይን ወይም እጅ የደከመ ዕለትም፣ «በቃህ» ወይም «በቃሽ» የሚለውን ቃል ከትዳር ጓደኛ በምስጋና ተቀብለው ቁልፉን ያስረክቡ። መንዳትን በጊዜው ማቆምም የብርታት ሥራ ነው።

ሞተር ሳይክል የሌለን እኛም ከዚህ የምንወስደው አለ። በየቤታችን አንዱ መሪውን ይዞ ሌላው ከኋላ የተፈናጠጠባቸው ጉዳዮች ብዙ ናቸው፤ ሀገር ጥሎ መሰደድ፣ መሬት መሸጥ፣ በብድር ንግድ መጀመር ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ካቴኪስቶች እጮኛሞችን ለምሥጢረ ተክሊል ሲያዘጋጁ ይህን ጥያቄ ቢያስተምሯቸው መልካም ነው፤ ለብዙ ዓመታት የኖሩ ባለ ትዳሮችም ዛሬ ማታ ቢጠያየቁበት አይዘገይም፦ «እሺ ስትዪኝ በእውነት ወደሽ ነው? እሺ ስትለኝስ በእውነት ወደህ ነው?»