አካል አማና ነው፤ ተጠያቂውስ ማነው?

 

ኮሮና በሀገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ከተነገረ በኋላ «ከቤት አትውጡ» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማ ነበር። ምክሩ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ቤት የዋለው አካል ምን ይሁን ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። እኔ ነገሩን የማነሣው እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ አንድ ሙስሊም ነው፤ ጤናን መጠበቅ የግል ምርጫ ነው ወይስ ግዴታ?

አንዳንድ ወንድሞች «ጤናም ሞትም በአላህ እጅ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ዑመርም የሚሸሹት ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው እንደሆነ መለሱ። እንግዲህ በቀደር ማመን ሰበብ ማድረግን አያስቀርም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አካላችን በኛ ላይ ሐቅ እንዳለው አስተምረዋል።

ይህ ሐቅ ግን በሁሉም ላይ እኩል ይከብዳልን? የገጠሩ ገበሬ በዚያ ወቅትም በሬውን ጠምዶ አርሷል፤ እናቶች ውኃና እንጨት ተሸክመዋል። ለነርሱ የጎደላቸው እንቅስቃሴ ሳይሆን እረፍትና የቅርብ ሕክምና ነው። በከተማ ግን የብዙ አዛውንቶቻችን ዋና እንቅስቃሴ ወደ መስጊድ መመላለስ ነበር። ጀማዓው ተቋርጦ ተራዊሕም በየቤቱ ሲሰገድ ያ እርምጃ አብሮ ቀረ። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው በኮሮና ይበልጥ እንደሚጎዳ እየታወቀ፣ እነዚህኑ ሕመሞች ለመቆጣጠር የሚረዳው እንቅስቃሴ ቆመ ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲደረግ መክሯል። ይህም በቀን ከ20 ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ይህን ቢተው ምን ምክንያት ያቀርባል? በአንዲት ክፍል ከነቤተሰቡ ተጨናንቆ የሚኖረውን ግን «ሰነፍ» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ዲናችን ማንንም ከዐቅሙ በላይ አይጠይቅም።

ስለዚህ በኔ እምነት አማናው የግለሰቡ ብቻ አይደለም። ግቢ ያለው ለጎረቤቱ በተራ ሊከፍትለት፣ ወጣቱም አዛውንቱን ርቀቱን ጠብቆ ሊያንሸራሽር ይገባል። ወረርሽኝ ዳግም ቢመጣ «ቤትህ ተቀመጥ» የምንለው ወንድም ቤቱ ምን ያህል እንደሆነ አስቀድመን እንጠይቅ። የጎረቤት ሐቅ ከዚህ ይጀምራልና።

ወላሁ አዕለም።