ሰንጋና ድንጉላ

ለመሆኑ ገራምነት በጎነት ነው ወይ? ጥያቄው የፍልስፍና ክፍል ጥያቄ ይመስላል፤ ደነባ ላይ ግን የፈረስ ጥያቄ ነው። ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ፣ በሲያደብርና ዋዩ ሜዳ ላይ ፈረስ የሚያሳድግ ገበሬ ውርንጭላው ሲጎረምስ አንድ ነገር መወሰን አለበት፤ ድንጉላ ሆኖ ይቅር ወይስ ይኮላሽ? አንዱ «ካኮላሸኸውማ ወኔው ይጠፋል፣ አህያ ይሆንብሃል» ይላል። ሌላው «ድንጉላ ይዘህ ገበያ ውጣና ታየዋለህ፤ ባዝራ ያሸተተ ዕለት ጌታውን አያውቅም» ብሎ ይመልስለታል። እስቲ ሁለቱንም እንመርምር።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የድንጉላን ጠባይ የሚያሞቀው ከቆለጡ የሚመነጨው ቴስቶስትሮን የሚባል ሆርሞን ነው። ቆለጡ ሲወጣ ሆርሞኑ ከደሙ ቶሎ ይቀንሳል፤ ጠባዩ ግን የሚለወጠው ቀስ በቀስ፣ በሳምንታትና በወራት ነው። ማሽካካቱ፣ በኋላ እግሩ መቆሙ፣ ሌላ ወንድ ፈረስ ሲያይ መናከሱ ይበርዳል። ጨርሶ ይጠፋል ማለት ግን አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ሳይጎረምሱ ከተኮላሹት እንኳ ከአምስቱ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት በሌሎች ፈረሶች ላይ የድንጉላ ጠባይ ያሳያሉ። ክፉ አያያዝ ያስለመደውን መራገጥማ ቢላዋ አያስተወውም፤ እሱ የሚስተካከለው በእጅና በትዕግሥት ነው።

ጉልበቱስ? የአንገቱ ሥጋ እንደ ድንጉላ አይደልብም። በልጅነቱ ከተኮላሸ የእግሩ አጥንት ማደጉን የሚያቆመው ዘግይቶ ስለሆነ ቁመቱ ትንሽ ይረዝማል። ሩጫው ግን የት ይሄዳል? ፋር ላፕ በ1930 እ.ኤ.አ. የአውስትራልያን የሜልበርን ዋንጫ ሲያሸንፍ ሰንጋ ነበር። ኬልሶም ከ1960 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. አምስት ዓመት በተከታታይ የአሜሪካ የዓመቱ ፈረስ ሲባል ሰንጋ ነበር። ለመንገደኛ ደግሞ ትልቁ ትርፍ ሌላ ነው፤ የፈረሱ ሐሳብ ከባዝራዋ ወደ መንገዱ ይመለሳል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለም?

እንግዲህ ወኔ የሚቆረጥ ነገር ካልሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር አደገኛ ነው። ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ፋርሱ ንጉሥ ስለ ቂሮስ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ያነሣዋል። የተኮላሸ ፈረስ መናከሱንና እምቢተኝነቱን ይተዋል እንጂ ለጦርነት አያንስም፤ ሰውም እንደዚሁ ነው፤ ሚስትና ልጅ ስለሌለው ደግሞ ከጌታው ሌላ የሚወደው አይኖርም፤ ስለዚህ ለዘበኝነት ስልብ ይሻላል ባይ ነው ቂሮስ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ላይ ግን ቆም እንበል።

አማርኛችን ልዩነቱን ያውቃል። በሬና ፈረስ ሰንጋ፣ በግና ፍየል ሙክት ይባላሉ፤ ሁለቱም የምስጋና ቃል ናቸው፣ ዋጋም ያስጨምራሉ። ሰው ሲሆን ግን ስልብ ነው፤ ቃሉ ራሱ የተፈጸመውን በደል ይናገራል። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ፣ በልጅነታቸው ጦር ሜዳ ላይ ተሰልበው እንደተገኙ ይተረካል። እኚሁ ሰው በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በመድፈኛነት ስማቸው ተጠራ፤ በስተርጅና፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ለጣልያን እጅ አልሰጥም ብለው ሲዋጉ ወደቁ። ገራም ሆኑ እንዳንል ደግሞ፣ በ1920 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን አስከትለው አዲስ አበባ በመምጣት አልጋ ወራሽ ተፈሪን የተገዳደሩት እሳቸው ናቸው። ቢላዋው ወኔያቸውንም አልወሰደ፣ ታዛዥነትንም አልሰጣቸው።

ታዲያ ፈረሱን ማኮላሸት ትክክል ነው? እኔ እንደ ሁኔታው ነው እላለሁ። ድንጉላ ብዙ ጊዜ ለብቻው ታስሮ ይኖራል፤ ሰንጋ ግን ከመንጋው ጋር ተቀላቅሎ ይግጣል። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነውና ይህ ለሱም ትርፍ ነው። ዳሩ ግን ፈቃዱን አልጠየቅነውም፤ ትልቁ ትርፍም የኛው ነው። ትርፉን የወሰደ ዕዳውንም ይክፈል እንጂ! በድንጋይ መቀጥቀጥ ቀርቶ፣ የእንስሳት ሐኪም አደንዝዞ ይሥራው፤ ፈረስን ክፉኛ የሚያጠቃውን መንጋጋ ቆልፍ የሚከላከለውን ክትባትም ይስጠው። ደግሞም ጥሩ ጥሩውን ሁሉ አኮላሽቶ ባዝራዎቹን ለመናኛው መተው የነገውን ዘር ማበላሸት ነው።

እንዲህ ሆኖ ሲያበቃ እንኳ፣ የሰንጋውን ገራምነት በጎነት አንበለው። ምቾት ነው፤ ያውም የኛ ምቾት። ይህን ሳንለይ ስንቀር ነው ሰው ላይ የምንሳሳተው። ፍርሃት፣ ድህነት፣ የእንጀራ ነገር ሰውን ያለ ቢላዋ ያኮላሹታል። እኛም ክፍል ውስጥ፣ ዶርም ውስጥ፣ ዝም ያለውን ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» እንላለን። ምናልባት ጨዋ ነው፤ ምናልባትም የተኮላሸ ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው «አይሆንም» ማለት የሚያስፈልግ ቀን ነው። ጨዋ መናከስ እየቻለ የማይናከስ፣ መናገር ሲገባው ግን የሚናገር ነው። የፈረሱን ልጓም ጌታው ይይዝለታል። የኛን ግን ራሳችን ካልያዝነው ጨዋነታችን የኛ አይደለም።