አሮጌ መሣሪያን ማደስና የባልንጀራ ደኅንነት

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ገበሬው ክረምት ከመግባቱ በፊት የዶለዶመ ማረሻውን ወደ ቀጥቃጭ ወስዶ ያስቀጠቅጣል፤ እናቶቻችንም የእጅ ወፍጯቸው ሲለሰልስ ይወቅሩታል እንጂ አይጥሉትም። ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ባሉ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች የአሮጌ መጋዝ ዲናሞ እንደገና ሲጠመጠም፣ ያረጀ ኩሽኔታ ሲለወጥና የላላ ቺንጋ ሲጠብቅ የምናየው የዚሁ የቆየ ልማድ ቀጣይ ነው።

ይህ ልማድ መልካም ነው። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት የገዳሙ መጋቢ የቤቱን ዕቃ ሁሉ እንደ መሠዊያ ንዋየ ቅድሳት እንዲመለከት አዝዟል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ዕቃን ወዲያው ተጠቅሞ የመጣልን ባህል ነቅፈዋል።

ይሁን እንጂ ልንመረምረው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ቁጠባ በጎ ምግባር መሆኑ የሚያበቃው የት ላይ ነው? መከለያው የወለቀ ክብ መጋዝ እንጨት መቁረጡን አይተውም። የመሬት ሽቦው የተቆረጠ መሰርሰሪያም መዞሩን ይቀጥላል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው የሽቦ ልባስ በተበላ ቀን 220 ቮልቱ በብረት አካሉ አልፎ የሠራተኛውን እጅ ይይዛል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ «እስከ ዞረ ድረስ ይሠራል» ብሎ ለወጣት ተቀጣሪ መስጠት፣ ትርፉን ለራስ አስቀርቶ አደጋውን ለሌላው ማሸከም ነው። ይህም ቁጠባ ሳይሆን በባልንጀራ ጣት የሚከፈል ዕዳ ነው።

«ድህነታችንስ? አዲስ ማሽን ከየት እናምጣ? ሥራ ቤቱ ቢዘጋ ልጆቹ ምን ይበላሉ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ስለሆነ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። ሆኖም ሕይወትን የሚጠብቀው ነገር ብዙ ጊዜ ውድ አይደለም። መከለያ ከቁራጭ ላሜራ ይሠራል። የሞረድ ድንጋይም ከመታሰሩ በፊት ተንጠልጥሎ በእንጨት እጀታ በቀስታ ሲመታ፣ ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቋልና በፍጥነት ሲሽከረከር ሊፈነዳ ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የድንጋይ ደወል እየሰማ ላደገ ሰው ጥርት ያለውን ድምፅ ከታፈነው መለየት አይከብደውም። እንግዲህ የሚጎድለን ከገንዘቡ ይልቅ ጥንቃቄው ነው።

ሽያጭንም በተመለከተ እንዲሁ ነው። አሮጌ ማሽን ቀለም መቀባት ኃጢአት አይደለም፤ የተቃጠለውን ዲናሞ ወይም የተሰነጠቀውን አካል በቀለም ሸፍኖ እንደ ደኅና መሸጥ ግን ሰባተኛውን ትእዛዝ መተላለፍ ነው። ገዢው በዚያ ጉድለት ቢጎዳ ነገሩ እስከ አምስተኛው ትእዛዝ ይደርሳል።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን «አትግደል» እና «አትስረቅ» የሚሉትን ትእዛዛት ስታስተምሩ የሥራ ቤቱንም ምሳሌ እንድታነሡ አደራ እንላለን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። እኛ ክርስቲያኖች ግን ከዚያ የሚበልጥ ምክንያት አለን፤ ጌታችን ራሱ በናዝሬት ጠራቢ ተብሏልና። ባለሙያን ማክበር ማለትም በቃል ከማመስገን አልፎ፣ ማታ በደኅና እጆቹ እንጀራውን ቆርሶ እንዲበላ መጠንቀቅ ነው።