ስለ መቶ ሕፃናት የተነገረ ቁጥር

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለተኛ ሕፃን «የመሞት ዕድሉ 40 ከመቶ ነው» ሲባል የተነገረው ስለ ማን ነው? ቁጥሩ የሚለው፣ ምልክታቸው ከእርሱ ጋር ከሚመሳሰል መቶ ሕፃናት አርባ ያህሉ መሞታቸውን ብቻ ነው። እርሱ ከአርባዎቹ ይሁን ከስልሳዎቹ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነው «ፒም» የተባለው ቀመር የዓይን ብሌንን ምላሽ፣ የደም ግፊትን፣ የደም ኦክስጅንንና አሲድነትን ከመሳሰሉ ነገሮች ተነሥቶ ይህን ግምት ያወጣል። የተቀመረው ግን በአመዛኙ በአውስትራሊያና በብሪታንያ ሕፃናት መረጃ ነው። የምዕራብ ሸዋዋ አምቦ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ የጤነኛ ሕፃን የደም ኦክስጅን እንኳ በባሕር ጠረፍ ከሚያድገው ያንሳል፣ ቀመሩም ይህን የሳንባ ሕመም አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። የደም ጋዝ መመርመሪያ በሌለበት ደግሞ ያልተለካውን አሲድነት ጤናማ ብሎ ይሞላዋል፤ በጠና የታመመው ደህና ይመስላል። ስለዚህ ቀመሩ የሚሞተውን ከሚተርፈው መለየቱ አይበቃም፤ አርባ ያለው እዚህም አርባ መሆኑ መፈተሽ አለበት። ሌላ አገር የሠራ ነገር ሳይፈተሽ እንደማይታመን ምሳሌ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የኡጋንዳ፣ የኬንያና የታንዛንያ ጥናት፣ ሌላ አገር የተለመደው ፈሳሽ በፍጥነት የመስጠት ሕክምና እዚያ የሕፃናትን ሞት እንደጨመረ አሳይቷል።

ዕድሜ የፈጣሪ ነውና መገመቱ ድፍረት ነው የሚል አማኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚም ሆነ ዋቃን ለማኝ፣ በምዕራብ ሸዋ ብዙ ነው። ያለፈን ሞት መቁጠር ግን የፈጣሪን ምሥጢር መድፈር አይደለም። ድፍረቱ የሚጀምረው ቁጥሩ እንደ ፍርድ ሲነበብ ነው፤ ኦክስጅን አልቆ የሞተን ሕፃን «ዕድሜው ይኸው ነበር» ብሎ መሸኘትም ከዚያ አያንስም። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ አንድ የመተንፈሻ መሣሪያና ሁለት ሕፃናት ባሉበት ያለ ቁጥር መምረጥ ለዘመድና ለባለሥልጣን በር ይከፍታል ይላል። እውነት አለው፤ ምርጫው በግልጽ መስፈርት ይሁን። ይህ ቁጥር ግን ብቻውን መስፈርት አይሆንም። ከጉደር ወይም ከጌዶ ወደ አምቦ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ሕፃን ግምቱ ከፍ ስላለ መሣሪያ ተነፍጎ ቢሞት፣ ሞቱ ለቀመሩ ትክክለኛነት ማስረጃ ሆኖ ይመዘገባልና። ቀመሩ የሚመረምረው ሕፃኑን ሳይሆን ክፍሉን ይሁን፤ ሃያ ሞት ተጠብቆ ሠላሳ ቢሆን፣ ኦክስጅኑ ነው፣ የመንገዱ መዘግየት ነው፣ ወይስ ቀመሩ ራሱ ተብሎ ይጠየቅ። ለዚህም መዝገቡ የተኙትን ብቻ ሳይሆን አልጋ ጠፍቶ የተመለሱትንም ሕፃናት መያዝ አለበት።