ወፍ የዘራው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለፈ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከእርሻው መካከል ከሩቅ ጠቆር ብሎ የሚታይ ደን ካለ፣ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። እንዲህ ያሉት ደኖች በደቡብ ጎንደር ከ1,400 ይበልጣሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው 28ቱን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል።

ይህን ሁሉ ማን ተከለው? አባቶቻችን ጠብቀውታል፤ የተከሉትም አለ። ስንቱን ግን የዘሩት ወፎች ናቸው! የወይራውን፣ የጽዱን፣ የሾላውን ፍሬ ይበላሉ፤ ዘሩን ከኩሳቸው ጋር ይጥሉታል፤ ዝናብ ሲያገኘው ይበቅላል። ጠዋት ኪዳን ሲደርስ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘለውን፣ በዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላትን ያችን ብጫማ ወፍ አይታችኋት ይሆናል። ምን ትባላለች ቢሉን «ወፍ ናታ!» ብለን እናልፋለን። ቢበዛ «ድንቢጥ» እንላለን።

ስም መንፈጋችን ሳያንስ ሥራቸውን ስድብ አደረግነው። አባቱ ያልታወቀውን ልጅ «ወፍ ዘራሽ» እንለዋለን።

እኔም ብያለሁ። ጋይንት ውስጥ በአንድ ጉባኤ ቤት ስማር፣ ለምነን ያመጣነውን ቁራሽ ስንካፈል ተጣላንና አንዱን ጓደኛችንን በዚያ ስም ጠራሁት። ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ምንም አልመለሰም፤ ድርሻውን አስቀምጦ ወጣ። የኔታ ሰምተው ኖሮ ከቅጥሩ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር አቆሙን።

«ይህን ማን ተከለው?» አሉን። ዝም አልን።

«ወፍ ነው የዘራው። ጥላው ሥር ዳዊት ትደግማላችሁ፤ የጠላው ጋን በእንጨቱ ይታጠናል። ዛፉን ወፍ ዘራሽ ነው ብሎ የቆረጠው የለም። ታዲያ ልጁን ለምን ቆረጣችሁት?»

በማግሥቱ ልጁ አኩፋዳውን ይዞ ሄዷል። ይቅርታ አላልኩትም። ዛሬም የት እንዳለ አላውቅም።

«የተናገርኩት እኮ እውነት ነው፤ አባቱ አይታወቅም» የሚል ይኖራል። እውነት ግን ሰው እንድንወጋበት አልተሰጠንም። ዝሙት ኃጢአት ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ነቢዩ ሕዝቅኤል አስተምሯል (ሕዝ. 18፥20)። እግዚአብሔር ያልጫነበትን እኛ ለምን እንጭንበታለን?

ጌታችን ስለ ድንቢጦች የተናገረውንም እናስተውል። በማቴዎስ ወንጌል ሁለቱ በአምስት ሳንቲም ይሸጣሉ (ማቴ. 10፥29)፤ በሉቃስ ግን አምስቱ በአሥር ሳንቲም (ሉቃ. 12፥6)። እስኪ ሂሳቡን እንሥራው። በአሥር ሳንቲም የሚገኘው አራት ነው፤ አምስተኛዋ ምርቃት ናት። ነጋዴው እንዲያው የጨመራት፣ በገበያ ዋጋ የሌላት ወፍ ማለት ነው። ጌታ ግን ከአምስቱ አንዷም በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳልተረሳች ነገረን። ሰው ከቁጥር ያወጣትን እርሱ ቆጠራት። እኛስ ከመካከላችን ማንን ነው ምርቃት ያደረግነው?

ወገኖቼ፣ በዚህ ጾም ሥጋውን ትተናል፤ ወተቱን ትተናል። ምላሳችንስ ጾሟል ወይ? «ዲቃላ»፣ «ወፍ ዘራሽ»፣ «ቡዳ» እያልን በየመንደሩ የሰው ሥጋ የምንበላ ከሆነ ምኑን ጾምነው? በዚያ ስም የጠራችሁት ሰው ቅርባችሁ ካለ ጾሙ ሳይፈታ ሂዱና ይቅር በለኝ፣ ይቅር በይኝ በሉ። እኔ ዘግይቻለሁ፤ እናንተ አትዘግዩ። ወፍ እንኳ በመሠዊያው አጠገብ ቤት አግኝታለች (መዝ. 83፥3)። የሰው ልጅ በእኛ ምላስ ከዚያ ቅጥር አይባረር።

አምላካችን ለአንደበታችን ጠባቂ ያኑርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።