ኢየሱስ ከመንገደኞቹ ጋር ነውን?

በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 2 ያለውን ታሪክ ታውቃላችሁ። ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ዮሴፍና ማርያም ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይዘውት ወጡ፤ በዓሉም ሲፈጸም ከዘመድና ከወዳጅ ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ልጁ ግን በከተማይቱ ቀርቶ ነበር። እነርሱም ከአንዱ ዘንድ አይታጣም ብለው አንድ ቀን ሙሉ ተጓዙ። ልጃቸውን የናቁ አልነበሩም፤ ያሳታቸው የጓደኛ ብዛት ነው። በሌላው ዘንድ አለ ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠይቅምና።

በኅብረት ወደ ሩቅ አገር መሄድ ኃጢአት አይደለም። የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ከጥንት ያውቀዋል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር በታች ካለው ከአልዩ አምባ ገበያ ወደ ታጁራ ባሕር የሚወርድ ነጋዴ የአፋርን በረሓ የሚያልፈው ከሲራራ ጋር ነበር። ሚስዮናውያኑ ክራፍና ኢዘንበርግም በ1831 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጡት በዚሁ የነጋዴ መንገድ ነው። ነገር ግን በሲራራ መካከል ቢሆንም፥ ውሃው ወዴት እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ወደ በረሓ የሚወርድ ሰው ሞኝ ነው።

ዛሬ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አዲስ አበባ የገባ ሰው፥ በዚያ አውሮፕላን ተሳፍሮ የታይላንድ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ባንኮክ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። አንዳንዱ ልብስ ገዝቶ ለመነገድ፥ አንዳንዱም የቻኦ ፕራያን ወንዝና በወርቅ የተለበጡትን ቤተ መቅደሶች ለማየት ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል። የዚያ አገር ሰው ወደ ቤተ መቅደሱ ሲገባ እንደ እኛ አገር ሰው ጫማውን ያወልቃል፤ ሲሰላመትም ሁለት እጁን ገጥሞ እጅ ይነሣል። ክርስቲያን በዚያ ለጣዖት አይሰግድም፤ በሰው አምልኮም አይሳለቅም። ሌሊት ሲሆን ግን ከጓደኞቹ አንዱ፥ «እዚህ ማን ያውቀናል?» ይላል፤ ሌሎቹም እርስ በርሳቸው ተያይተው ይከተሉታል። ወንድሞቼ፤ አምስት ሆናችሁ ብትሠሩት ኃጢአቱ ለአምስት ተካፍሎ አያንስም።

ከዚህም የሚከፋ አለ። በባንኮክ መልካም ደመወዝ ያለው የኮምፒዩተር ሥራ አለ ተብለው ብዙ ወጣቶች ከአገራችን ወጥተዋል። በአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላቸው መኪና ግን ወደ ምዕራብ ወደ ሜ ሶት ወሰዳቸው፤ የሞኤይንም ወንዝ አሻግሮ በምያንማር ምድር በሚያዋዲ አጠገብ በታጠረ ግቢ አስገባቸው። በዚያ ፓስፖርታቸው ተወሰደ፤ በሐሰት ስምና በሐሰት ፍቅር የማያውቁትን ሰው በኢንተርኔት እያታለሉ ገንዘቡን እንዲወስዱ ተገደዱ፤ እምቢ ያለም ተደበደበ። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከእንዲህ ያለ ስፍራ ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

በዚህ ነገር እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አራት ጓደኛሞች ወደዚያ ሊሄዱ ተነሥተው፥ «ጸልዩልን» ብለው ወደ ቤቴ መጡ። እኔም ጸለይሁላቸው፤ የሚጠራቸው ማን እንደ ሆነ ግን አልጠየቅሁም። ወላጆቻቸው ጠይቀዋል ብዬ ነበር፤ ወላጆቻቸውም ወንጌላዊው ጠይቋል ብለው ነበር። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ከአራቱ አንዱ ከስቶ ተመለሰ። ውሉን ያነበበው ማን ነበር? ብዬ ብጠይቀው፥ «እኔ እርሱ ያነበበው መሰለኝ፤ እርሱም እኔ ያነበብሁት መሰለው። የጠራን የትምህርት ቤት ጓደኛችን ስለ ነበረ ማናችንም አላነበብነውም» አለኝ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልጠይቅ ለመንገደኛ አልጸልይም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ ከመነሣታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ውሉን በገዛ ዓይናችሁ አንብቡ፤ አሠሪው ማን እንደ ሆነ፥ ሥራውም በየትኛው ከተማ እንደ ሆነ ጠይቁ። ለጉብኝት የተሰጠ ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ፓስፖርታችሁን ለማንም አታስረክቡ። ጓደኞቻችሁ ፈሪ ቢሉአችሁም ጠይቁ፤ ወዳጁን ስለ ወደደ የሚጠይቅ ፈሪ አይደለም። በመንገድም ሳላችሁ በየማታው፥ «ጌታ ዛሬ ከእኛ ጋር ነበረን?» ተባባሉ።

ዮሴፍና ማርያም ልጁ እንደ ሌለ ባወቁ ጊዜ የሄዱትን መንገድ ወደ ኋላ ተመለሱ እንጂ እፍረት አልያዛቸውም፤ በሦስተኛውም ቀን በመቅደስ አገኙት። እናንተም መንገዱ ጠማማ እንደ ሆነ ባወቃችሁ ጊዜ፥ ገንዘብ ከፍለናል፥ ዘመድንም ተሰናብተናል ብላችሁ ወደፊት አትሂዱ።

ወላጆችና ጎረቤቶችም ሆይ፤ ከዚያ ተርፎ የመጣውን ልጅ ባዶ እጁን መጣ ብላችሁ አታሳፍሩት። የጠፋው ልጅ ሲመለስ አባቱ ሮጦ አቀፈው እንጂ ምን ይዘህ መጣህ? አላለውም። እኛንም እንዲሁ የተቀበለን ጌታ መውጣታችንንና መግባታችንን ይጠብቅ። አሜን።