የተከራይ በርና የባለቤቱ ቁልፍ

ቤት ያለው ሰው ቤቱን ለሌላ ሲያከራይ የሚሰጠው ምንድን ነው? ግድግዳውንና ጣራውን ነው የሚል ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን ግድግዳና ጣራማ በረትም አለው። ሰው በየወሩ ከደመወዙ ቆርሶ የሚከፍለው፥ ማታ በሩን ዘግቶ ያለ ሥጋት ሊተኛ፥ ጧት ወጥቶ ሲመለስም ዕቃውን እንደ ተወው ሊያገኘው ነው። ይህ ከሌለ ኪራዩ በከንቱ ተከፍሏል።

በአዲስ አበባ ባለቤቱ በትልቁ ቤት፥ ተከራዮቹ በጓሮ በተሠሩት ክፍሎች መኖራቸው የቆየ ልማድ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከተሠሩ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው የቤቱን ባለቤት ሳያይ በአራተኛ ፎቅ ላይ ይከርማል። በሁለቱም ዘንድ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የቁልፉ ጥያቄ ነው። ተከራዩ አንዱን ሲቀበል ባለቤቱ ሌላውን ያስቀራል። ቀድሞ የነበረው ተከራይ ስንት ቁልፍ አስቀርጾ እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም፤ የበሩ መቈለፊያ ግን ያው ነው።

እንግዲህ ተከራይቱ ሥራ በሄደችበት ሰዓት ባለቤቱ ክፍሏን ከፍቶ ገብቶ፥ ዙሪያውን አይቶ ቢወጣ በድሏታልን? «ልጄ፥ ቤቱ የእኔ ነው፤ አንዳች አልወሰድሁም፤ ምን አጎደልሁብሽ?» ይላታል። ቤቱ የእርሱ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የውሉ ጊዜ እስኪፈጸም ድረስ በዚያ ክፍል በር ዘግቶ የመኖርን መብት ሰጥቶ ዋጋውን ተቀብሏል። ሳያስታውቅ በከፈተው ጊዜ የሰጠውን መልሶ ወሰደ፤ ገንዘቡን ግን አልመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቲቱ ብትተኛም ጆሮዋ ከበሩ አይለይም።

ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ አበዳሪ መያዣ ሊቀበል ሲሄድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፥ በውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዛል። ዕዳ ያለበት ሰው እንኳ የቤቱ ደፍ ከተከበረለት፥ ኪራዩን ከፍሎ የሚኖር ሰው እንዴት ያንሳል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ26ኛው አንቀጽ የሰው መኖሪያ ቤት ከመመርመር እንዲጠበቅ ሲደነግግ፥ ቤቱ የራስ ይሁን የኪራይ ብሎ አልለየም።

ባለቤቱም የሚለው አለው። ቧንቧ ይፈነዳል፤ እሳት ይነሣል። ያን ጊዜ ፈቃድ ሲጠየቅ ቤቱ ያልቃል፤ ገብቶ ማዳን ይገባል። ለተራ ጥገና ግን ቀን ተነጋግሮ፥ ተከራዩ ባለበት አንኳኩቶ መግባት ማንን ይጎዳል? ደግሞም ያው ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፥ ሰው ወድቆ እንዳይሞት ለቤቱ ሰገነት መከታ ይደረግለት ይላል፤ ስለዚህ የተነቃነቀው የደረጃ መደገፊያና የተላጠው ሽቦ በባለቤቱ ላይ ያለ ዕዳ ነው።

ተከራዩም ከዕዳ ነጻ አይደለም። ሌባ ፈርቶ መስኮቱን ጠርቅሞ፥ ብርድ ፈርቶ የከሰል ምድጃ አስገብቶ የሚተኛ ሰው፥ ከሌባው የሚብስ ጠላት ከራሱ ጋር ዘግቶበታል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በተያያዙ ክፍሎች ውስጥ ደግሞ የአንዱ ቸልተኝነት ለጎረቤትም ይተርፋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝምታው ነው። መቈለፊያው የተሰበረበት ተከራይ ለባለቤቱ የማይነግረው «ካልተመቸህ ልቀቅ» እንዳይባል ፈርቶ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አዝዟል። ስለ መቈለፊያ የወጣ አይደለም፤ ነገር ግን ነገ እንደማይባረር የሚያውቅ ሰው የተሰበረውን ነገር ለመናገር አፉ ይፈታል።

የግቢውም በር አለ። በብዙ ግቢ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ለሁሉ ደኅንነት ተብሎ ይቈለፋል፤ ይህም መልካም ነው። በሐኪም ቤት አምሽታ የምትሠራው ተከራይ ግን አራት ሰዓት ላይ ደርሳ፥ በጨለማ መንገድ ዳር ቆማ ታንኳኳለች። የክፍሏን ቁልፍ በኪሱ የያዘው ባለቤት የግቢውን ቁልፍ ለእርሷ መስጠት ያሠጋኛል ይላል።